አልቃሿ

እህቴ ትናንት ደወለች። ቤቱን ባዶ እያደረገች ነው። ቁምሳጥኑ ተሸጧል፤ አልጋው ለጎረቤት ተሰጥቷል። "የአባዬን ቴፕ ምን ላድርገው?" አለችኝ። "ቆይ፣ መልሼ ልደውልልሽ" አልኳት።

አልደወልኩም። ሆዴ ባባና ዝም ብዬ ለሥራ ወጣሁ።

ሥራዬ ሹፌርነት ነው፤ ማታ ማታ ነው የምነዳው። የምኖርባት ናሽቪል፣ የአሜሪካዋ የካንትሪ ሙዚቃ ከተማ፣ ዓርብ ማታ ሰው በሰው ናት። ብሮድዌይ የሚባለው መንገድ ላይ ከየመጠጥ ቤቱ በር ባንድ ይጮኻል፤ የአንዱ ዘፈን ሳያልቅ የሌላው ይቀበላል። ብዙ ጊዜ መስኮቴን ዘግቼ ነው የማልፈው። ትናንት ግን መብራት ይዞኝ ቆሜ ሳለ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ መስኮቱን ዝቅ አደረግኩት። ከአንዱ ቤት ያቺ ድምፅ ወጣች። አልቃሿ።

ስሙን ያወጣላት አባዬ ነው። የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ከጅቡቲ ሲመለስ እማዬ ውሃ ታሞቅለታለች። እግሩን ሳፋ ውስጥ ነክሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ "እስቲ ቴፑን ክፈተው" ይለኛል። ካሴቱ ቅልቅል ነበር። መርካቶ የተቀዳ፣ ላዩ ላይ በእስክሪብቶ "ካንትሪ" ተብሎ የተጻፈበት። የዘፋኝ ስም የለው፣ የዘፈን ስም የለው። አባዬ እንግሊዝኛ አይችልም። ዘፋኙ ሲዘፍን ዝም ብሎ ይሰማል። ዘፋኙ አረፍ ሲልና ከኋላ ያ የሚጎተት ድምፅ ሲመጣ ግን ጣቱን ያነሳል። "ስማት! መጣች አልቃሿ።"

ለቅሶ ቤት አልቃሽ ምን እንደምታደርግ መቼም ታውቃላችሁ። ሟቹን ታነሳለች፣ ግጥም ትሰጣለች፣ የሁሉም እንባ በእሷ በኩል ይወጣል። ሐዘኑ የእሷ አይደለም። ግን እሷ ካልጀመረች ሰው አፍኖት ይቀመጣል። አባዬ በማያውቀው ቋንቋ ዘፈን ውስጥ ይህቺን ሴት አገኛት። እኔ ደግሞ ለብዙ ዓመት የፈረንጅ ማሲንቆ ይመስለኝ ነበር።

ምን እንደሆነች ያወቅኩት እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው። ፓርኪንግ የምሠራበት ጊዜ ነበር። ከመኪና ማቆሚያው ፊት ለፊት ካለው ቤት ድምፁ መጣ። በሩ ክፍት ነው። አንገቴን አስግጌ አየሁ። ማሲንቆ የለም። አንድ ሽማግሌ ልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ የመሰለ ነገር ፊት ተቀምጧል። ዘፋኙ ይውረገረጋል፤ ሰውዬው ከወገቡ በላይ አይንቀሳቀስም። ከጠረጴዛው በታች ግን እግሩ ሥራ ላይ ነው። እግሩን ሳይ የታወሰኝ አባዬ ነው። ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ነዳጅ።

ፔዳል ስቲል ጊታር ይባላል። ከዚያ ቀን ወዲህ ስንቱን ቪዲዮ እንዳየሁ አትጠይቁኝ። ክሮቹ አሥር ናቸው። ሁለት አንገት ያለውም አለ፤ ያኔ ሃያ ይሆናሉ። እንደ ሌላ ጊታር ክሩ በጣት ተጫን አይባልም። ግራ እጅ ከባትሪ ድንጋይ ትንሽ ቀጠን፣ ረዘም ያለ ለስላሳ ብረት ይዞ በክሮቹ ላይ ያንሸራትታል። ቀኝ እጅ ጣቶቹ ላይ ባጠለቀው መምቻ ይመታል። ግራ እግር ፔዳል ይረግጣል። ሁለቱ ጉልበቶች ከሥር የተንጠለጠሉ ብረቶችን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይገፋሉ። ቀኝ እግር ደግሞ የድምፁን መጠን ይዟል። ያለ ሥራ የተቀመጠ አካል የለም።

ያ ቀኝ እግር ነው የገረመኝ። ማንኛውም ክር ሲመታ ድምፁ መጀመሪያ ይጮኻል፣ ከዚያ እየሞተ ይሄዳል። የዚህ መሣሪያ ተጫዋች ግን ሲመታ እግሩን ያላላል፤ ክሩ እየደከመ ሲሄድ ቀስ እያለ ይጫናል። መመታቱ ሳይሰማ ድምፁ ይመጣል፤ ሊሞት ሲል ይነሳል። ሰው የሚያለቅስ የሚመስለው ለዚህ ነው። ክሩ ሞቷል፤ እግሩ ነው ያልለቀቀው።

የግራ እግሩ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ አንዱ ክር ይወጠርና ድምፁ ወደ ላይ ይወጣል። አብሮት የተመታው ክር ግን እዚያው ባለበት ይቆያል። አንዱ ይሄዳል፣ አንዱ ይቀራል፤ ሁለቱ በአንድ ላይ ይሰማሉ። አባዬ ጣቱን የሚያነሳው እዚህች ቦታ ላይ ነበር። አሁን ሳስበው እርግጠኛ ነኝ።

ይህን ያመጣው ማነው ብዬ ስፈልግ ነው ባዲ ኤመንስ የሚባል ተጫዋች ጋ የደረስኩት።

በፔዳል ድምፅ ማጠፍን የጀመረው እሱ አይደለም። እ.አ.አ. በ1954 አንደኛ በወጣው የዌብ ፒርስ ዘፈን ላይ ባድ አይዛክስ የሚባል ተጫዋች ፔዳሉን ሲረግጥ፣ የሰማው ስቲል ተጫዋች ሁሉ መሣሪያውን ሊፈታታ ተነሳ ይባላል። የአይዛክስ ፔዳል ግን ሁለት ዓይነት ክር በአንዴ ነበር የሚስበው። በ1956 ኤመንስ ያንን ሥራ ለሁለት ፔዳል ከፈለው። አንዱን ብቻ መርገጥ፣ ሁለቱንም መርገጥ፣ አንዱን ይዞ ሌላውን መልቀቅ ተቻለ። ነገሩ ሲነገር ትንሽ ይመስላል። ግን አንዱ እየሄደ አንዱ የሚቀርበት ያ ለቅሶ በደንብ አፉን የፈታው ያኔ ነው። ልጁ ገና 19 ዓመቱ ነበር! እስከ ዛሬ መሣሪያ የሚያሠራ ሰው የፔዳሉን አደራደር ሲጠየቅ "ኤመንስ ነው ዴይ?" ይባላል። ዴይ ማለት ጂሚ ዴይ ነው፤ የዘመኑ ሌላ ታላቅ ተጫዋች፣ ፔዳሎቹን በተቃራኒ የደረደረ።

ኤመንስ የተወለደው በ1937 ነው፣ ኢንዲያና ውስጥ ሚሻዋካ በምትባል ከተማ። 11 ዓመት ሲሆነው አባቱ ጭን ላይ የሚጋደም ባለ ስድስት ክር ስቲል ገዛለት፤ የሃዋይ ሙዚቃ የሚያስተምር ትምህርት ቤትም አስገባው። የዚህ መሣሪያ ዘር ከሃዋይ ነው፤ ብረትን በክር ላይ ማንሸራተት ከዚያ ደሴት የመጣ ጥበብ ነው። በ16 ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ ሙዚቃ ላይ ወጣ። በ18 ዓመቱ ዘፋኙ ሊትል ጂሚ ዲከንስ ናሽቪል አመጣው። ከዚያ ከሌሎች ዘፋኞች ጋር ሠራ፤ መጀመሪያ ከኧርነስት ተብ ጋር፣ ኋላ ከሬይ ፕራይስ ጋር። በ1957 ሾት ጃክሰን ከሚባል ባለሙያ ጋር ሆኖ ሾ-ባድ የሚባል ድርጅት አቋቁሞ መሣሪያውን መሥራት ጀመረ። በ1962 ቅኝቱ ላይ ሁለት ክር ጨመረ፤ ዛሬም አሉ። በ1963 ወጥቶ በራሱ ስም ሌላ ድርጅት ከፈተ። በዚያው ዓመት ኒውዮርክ ሄዶ ከጃዝ ሰዎች ጋር የጃዝ አልበም ቀዳ። ስቲልን የካንትሪ አሽከር አድርጎ የሚያይ ሁሉ ያንን አልበም ይስማ።

እኔ ደጋግሜ የምሰማው ግን ከሬይ ፕራይስ ጋር የተጫወተውን ነው። ትናንትም መኪናዬን ጥግ አስይዤ ስልኬ ላይ ከፈትኩት። ሬይ ፕራይስ አንድ ስንኝ ይላል፤ ትንፋሽ ሲወስድ ኤመንስ ይገባል። የዚያችን ትንፋሽ ጊዜ ብቻ ነው የሚወስደው፤ አንዲት ሰከንድ አይጨምርም። ዘፋኙ ሲመለስ እሱ ቦታውን ለቋል። በዚያች ቅጽበት ውስጥ ዘፋኙ አፍ አውጥቶ ያላለውን ይልለታል። እንዲህ ዓይነት ጨዋነት ሰው ላይም ብዙ አላየሁም።

ሰውዬው በጁላይ 21፣ 2015 አረፈ። 78 ዓመቱ ነበር። ያረፈው እዚሁ ነው፤ ናሽቪል።

ይህን ሳነብ ምን እንደተሰማኝ እንዴት ልንገራችሁ። በ2015 እኔ እዚህ ነበርኩ። ከዚያ በፊትም ስድስት ዓመት እዚሁ ነበርኩ። ኖለንስቪል መንገድ ላይ ክትፎ ስበላ፣ ፓርኪንግ ላይ ቲኬት ስቆርጥ፣ ብርድ ላይ ስቆም፣ የአልቃሿ አባት በመኪና የደቂቃዎች መንገድ ላይ ነበር። አባዬም ያኔ በሕይወት ነበር። ስልክ ላይ "እዚያ አገር አልቃሿን አገኘሃት ወይ?" ብሎ ጠይቆኝ ያውቃል። "አባዬ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው" አልኩት። እንዴት እንዲህ ይባላል? አንድ ቀን በሩ ድረስ ሄጄ "ጋሼ፣ አንድ ሹፌር ቋንቋዎን ሳያውቅ ይሰማዎታል" ብለው ምን ነበረበት?

ካሴቱ ላይ የነበረው እሱ ይሁን ሌላ አላውቅም። ስም አልተጻፈበትማ። ብዙ ምርጥ ተጫዋች ነበር፤ ሎይድ ግሪን አለ፣ ፒት ድሬክ አለ። ሁሉም ግን ኤመንስ በከፈለው ፔዳል ነው የሚያለቅሱት።

የስም ነገር ከተነሳ አይቀር፣ የእኛስ? ስንት ካሴት ሰምተን አደግን። ዘፋኙን እናውቃለን፤ ፎቶው ሽፋኑ ላይ አለ። ከኋላው ሳክስ የሚነፋው፣ ኦርጋኑን የያዘው ማነው? ባንዱ ከተጠቀሰ በጀ። "አጃቢ" እንላለን፤ ቃሉ ራሱ ከኋላ የሚሄድ ሰው ነው። ኦርጋን ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ እ.አ.አ. በ1981 ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ መጥቶ እዚሁ ቀረ። ዋሽንግተን ስንት ዓመት ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን ከመኪናው የኋላ ኮፈን አውጥቶ፣ ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ ይለማመድ ነበር። ኋላ የድሮ ካሴቱ እንደገና ታተመና ዓለም አወቀው። ተመስገን ነው። ግን ያን ሁሉ ዓመት ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ሰው፣ ምናልባት በልጅነቱ ሠርግ ላይ የጨፈረበት ጣት መሪውን ይዞ አድርሶት፣ ሒሳብ ከፍሎ ወርዷል። እኔም ስንቱን ጭኜ አውርጃለሁ። ባለፈው ክረምት የቀኝ እጁን አውራ ጣት ሲያሻሽ የነበረ አንድ ሽማግሌ ጭኜ ነበር። ሥራዎ ምንድነው ብዬ አልጠየቅኩትም።

ኤመንስም መጨረሻው ላይ እጁ አስቸግሮት ነበር። በ2001 ቀኝ አውራ ጣቱና የእጅ አንጓው ተጎዳ፤ አንድ ሥራ ደጋግሞ ከመሥራት የሚመጣ ጉዳት ነው። ከዓመት በላይ አቁሞ ተመለሰ። ሚስቱ በ2007 መጨረሻ ላይ አረፈች። ከዚያ ወዲህ መድረክ ላይ ብዙም አልታየም። ይህንን ያነበብኩ ቀን ስለ ሙዚቃው ማሰብ ትቼ ስለ ቤቱ ሳስብ ዋልኩ። መሣሪያው የት ነበር የተቀመጠው? ሳሎን? ጨርቅ ለብሶ? አልፎ አልፎ ሄዶ ይቀመጥበት ነበር?

ከምንም በላይ ግን አንድ ነገር እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ። ዘፋኟ ጁዲ ኮሊንስ በ1968 ባወጣችው አልበም ላይ የእሱ እጅ አለ። እንዲህ ዓይነት የድሮ ዘፈን እዚህ አገር ሱፐርማርኬት ውስጥ ይለቀቃል፤ ማንም አይሰማውም፣ ግን ከጣሪያው ይወርዳል። እሱም እንደ ሰው ዳቦና ወተት ይገዛል አይደል? ጋሪውን እየገፋ ሳለ ከላይ የራሱ እጅ፣ የ31 ዓመት ጎልማሳ እጅ ሲያለቅስ ሰምቶ ያውቃል? ይቆም ነበር? ወይስ ቲማቲሙን መምረጡን ይቀጥላል? ሒሳብ ለምትቀበለው ልጅ ይነግራታል? ግራ እግሩስ፣ ለራሱም ሳይታወቀው፣ ወለሉን ይረግጥ ነበር?