ልጄ፣ ይሄ ስደት ሳይሆን ማርፈድ ነው

ጅማ ውስጥ አንድ ቡና አቅራቢ ድርጅት ሒሳብ ክፍል ስሠራ ያጋጠመኝ ነው፣ የድርጅቱን ስም ተዉት። ጊዜው ኅዳር አካባቢ ነው፣ ጀንፈሉ፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀው ቡና፣ ከየወረዳው በአይሱዙ እየመጣ የሚራገፍበት፣ ግቢው ውስጥ መቆሚያ የሚጠፋበት ሰሞን።

ስቶር ኪፐራችን ጡረታ የተቃረበ የወለጋ ሰው ነው፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። አንድ ቀን የአለቃችን ወዳጅ የሆነ ነጋዴ ቡና አስመጣ፣ ጋሼ ናሙና ወስዶ እርጥበቱን ሲለካው 14 ምናምን አለ። ቡናው የሚሸጥበት ምርት ገበያ ደግሞ ከ11.5 ፐርሰንት በላይ አይቀበልም፣ እርጥብ ቡና ስቶር ውስጥ ከተደረደረ ይሻግትና አጠገቡ ያለውንም ይዞ ነው የሚሄደው። አለቃው መጣና "11 ብለህ ሙላና አስገባው" አለው። ጋሼ እስክሪቢቶውን ኪሱ ከተተና "እኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው፣ ከፈለጉ እርስዎ ይጻፉና ይፈርሙ፣ እኔ ግን ነገ እግዚአብሔር ፊት የምቆም ሰው ነኝ" አለ። አለቃው ጦፈ፣ "ጴንጤነትህን ቸርችህ ሄደህ አሳይ፣ እዚህ ሥራ ነው" ብሎ በሠራተኛ ፊት አዋረደው። ሚዛን ላይ የሚሠራው ልጅ ሙስሊም ነው፣ አለቃው ዞር ሲል "ጋሼ እኔም ብሆን አልፈርምም፣ ሐራም ነው" አለው። ይሄ እስካሁን ደስ ይለኛል።

ከሳምንት በኋላ ደብዳቤ መጣ፣ ጋሼ ቁልፍ አስረክቦ ማስጫው ላይ የቀን ሠራተኞች ተቆጣጣሪ እንዲሆን። የኃላፊነት አበሉም ኦቨርታይሙም ቀረ። ፔሮል የምሠራው እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ ነው የቀነስኩት። ወሩ ሲያልቅ የጋሼ ባለቤት ከፈረንጅ አራዳ ሰፈር በባጃጅ ቢሮዬ ድረስ መጣች፣ "ልጄ፣ እውነት ተቆርጦ ነው ወይስ ደብቆኝ?" አለችኝ፣ የልጃቸው የኮሌጅ ክፍያ ደርሶባት ነው። ወረቀቱን አሳየኋት። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆየችና "እሱ ድሮም እንዲህ ነው" ብላ ወጣች። ስለ እምነት ዋጋ ሲሰበክ ስለዚህች ሴትዮ የሚያወራ ሰው አልሰማሁም፣ ደብዳቤው የደረሰው ለሱ ነው፣ ከአስቤዛው ላይ የቀነሰችው ግን እሷ ናት።

እንግዲህ በዚያው ሰሞን ነው የኛ ክፍል ልጅ ማስጠንቀቂያ የተጻፈበት። ልጁ አርብ አርብ አዳር ጸሎት ይሄዳል፣ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት እያለፈ ነው የሚገባው፣ መኪና ቆሞ ይጠብቀዋል። ደብዳቤውን ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ "ስለ ስሙ እየተሰደድኩ ነው ጸልዩልኝ" ብሎ ለቀቀው፣ አሜኑና እንባው ጎረፈ። ምሳ ሰዓት ላይ ለጋሼም አሳየው፣ "ጋሼ እኔና አንተ በአንድ ጉዳይ ነው የተመታነው" እያለ። ጋሼ መነጽሩን አድርጎ እስከ መጨረሻው አነበበና "ልጄ፣ ይሄ ስደት ሳይሆን ማርፈድ ነው" አለው። እኛ ሳቅን፣ እሱ አልሳቀም።

ከዛ ነው እንግዲህ ስለ ራሱ ተናግሮ የማያውቀው ሰውዬ ትንሽ ያወራው። በደርግ ጊዜ ወለጋ የመካነ ኢየሱስ መዘምራን ውስጥ ነበር፣ ጸሎት ቤቶች በተከታታይ እየተዘጉ ነው፣ ቀበሌ ሰብስቧቸው ግራ እጃችሁን አንሱና "ከሁሉም በላይ አብዮቱ" በሉ ሲባሉ ከሁሉም በላይ ያለው ሌላ ነው ብለው እምቢ አሉ፣ ታሰሩ፣ ተገረፉ። ያኔ የቤተ ክርስቲያኒቱ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 አዲስ አበባ ላይ ታፍነው ተገድለዋል፣ ከአገር የመውጣት ዕድል ነበራቸው፣ መንጋዬን ጥዬ አልሄድም ብለው ነው የቀሩት። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። "እኛ አብረውን የታሰሩትን ስናይ የራሳችንን መከራ ብለን ለመጥራት እናፍር ነበር" አለ ጋሼ። ለልጁም 1ኛ ጴጥሮስ 4፥15ን አንብብ አለው፣ ሌባም ክፉ አድራጊም ሆናችሁ መከራ አትቀበሉ የሚለውን። "በሥራህ ተወቅሰህ በስሙ ካሳበብክ ነገ እውነተኛው ሲመጣ ማን ያምንሃል?"

እኔ በበኩሌ ጋሼ ትንሽ ጨክኗል ባይ ነኝ፣ ልጁ ፊቱ ቀልቶ ነበር፣ ለብቻው ቢነግረው ምን ነበረበት። ነገሩ ግን ልክ ነው። እኔ ራሴ ስንት ሰው አውቃለሁ፣ በብቃት ማነስ እድገት ሲከለከል ሃይማኖቱን የሚጠራ፣ በየትኛውም በኩል።

ያ ቡና በሌላ ሰው ፊርማ ገባ፣ ሲሸጥ በእርጥበት ተመለሰ፣ እንደገና ማስጫ ላይ ተዘረጋ። ማስጫው ላይ ያለው ደግሞ ማን ነው፣ ጋሼ ነዋ! አንድም ነገር ሳይናገር ሠራተኞቹን ይዞ ሲያገላብጠው ዋለ። አለቃው ይቅርታ አልጠየቀም፣ አበሉም እስከ ጡረታው አልተመለሰም፣ ፔሮሉን የማውቀው እኔ ነኝ። ልጁ ፖስቱን አጠፋው፣ አዳር ጸሎቱን ግን አልተወም፣ ቅዳሜ ከጸሎት በቀጥታ ሥራ ይመጣና ጥበቃው ቤት ፊቱን ታጥቦ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ይፈርማል።