ሱቅ አለኝ ብላችሁ ሬሴቲርን አትናቁ

ሬሴቲር የሚባለውን የሱቅ ጌም ልትጀምሩ ያሰባችሁ ካላችሁ ጭራቆቹን ተዉአቸው። የክፍያውን ቀን ፍሩ።

ይህን አስቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ስንት ሌሊት በሰላም እተኛ ነበር። መካሪ ጠፍቶ አይደለም። ኢንተርኔቱ በምክር ተሞልቷል። ግን ምክሩ ሁሉ ስለ ዋጋ ነው። ስትሸጡ ጌሙ ለዕቃው ካወጣው መነሻ ዋጋ 130 በመቶ ጀምሩ፣ ከደንበኛ ስትገዙ 70 በመቶ ስጡ፣ ወዘተ። በእጃችሁ ስላለው ጥሬ ገንዘብ የሚያወራ አላገኘሁም። እኔ ደግሞ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ከአክስቴ ጋር የቤት ዕቃ ሱቅ የምሠራ ሰው ነኝ። ሱቅ ማንም አያስተምረኝም ብዬ ነው የገባሁት።

ጌሙን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ሬሴት የምትባል ልጅ አለች። አባቷ ጀግና እሆናለሁ ብሎ ወጥቶ ጠፍቷል። ከመሄዱ በፊት ግን ተበድሯል። አንድ ቀን ቲር የምትባል ክንፍ ያላት ትንሽ ፍጡር ከአበዳሪው ድርጅት ትመጣና ቤቱን ሱቅ አድርገሽ ዕዳውን ክፈይ ትላታለች። ክፍያው በየሳምንቱ ነው። መጀመሪያ 10 ሺህ፣ ከዚያ 30 ሺህ፣ 80 ሺህ፣ 200 ሺህ፣ በመጨረሻ 500 ሺህ። ሲደመር 820 ሺህ ፒክስ። ፒክስ የአገሩ ገንዘብ ነው። አክስቴ ከኋላዬ ቆማ ስታይ ታሪኩን ነገርኳት። «አባት ለበላው ልጅ ትከፍላለች? ዋስ ሆና ፈርማለች እንዴ ልጄ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ጌሙም መልስ የለውም።

ዕቃ የሚገኘው በሁለት መንገድ ነው። ወይ ከነጋዴዎች ማኅበርና ከገበያ በጅምላ ዋጋ ትገዛላችሁ፣ ወይ ዳንጀን (ጭራቅ የሞላበት ባለ ብዙ ፎቅ ዋሻ) ገብታችሁ ትለቅማላችሁ። ሬሴት ራሷ አትዋጋም። ተዋጊ ቀጥራ ከኋላ ከኋላው እየሄደች ዕቃ ትሰበስባለች። ቀኑ በአራት ይከፈላል። ሱቅ መክፈት አንዱን ክፍል ይወስዳል። ዳንጀን መግባት ሁለቱን ይወስዳል። ይህችን ሒሳብ ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

ጌሙን የሠራው ኢዚጌምስቴሽን የሚባል አነስተኛ የጃፓን ቡድን ነው፤ የወጣው በ2007 ነው (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆች ነው)። በ2010 ካርፔ ፉልጉር የተባሉት ወደ እንግሊዝኛ መልሰው ስቲም የሚባለው የኢንተርኔት ጌም መሸጫ ላይ አወጡት። እርጅናው ለኛ በረከት ነው። ሌላ ጌም የማይከፍት ኮምፒውተር ይህን ይከፍታል። ሐሳቡ ራሱ ደግሞ ከዚያም ይቀድማል። በ1990 የወጣው ድራጎን ክዌስት 4 የሚባል ጌም ሦስተኛ ምዕራፉን የሰጠው ለቶርኔኮ ነው። ቶርኔኮ ነጋዴ ነው። የሰው ሱቅ ተቀጥሮ ይሠራና የራሱን ይከፍታል። በ1993 ደግሞ እሱን ብቻ ይዞ ዳንጀን የሚያስገባ ጌም ወጣለት። ጀግናው ሰይፍ የያዘው ብቻ መሆን የለበትም ያሉ ሰዎች ድሮም ነበሩ ማለት ነው።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልለፈው። ጌሙን ውጭ አገር ያለ ዘመድ ገዝቶ ላከልኝ። ጆይስቲክ ከአንድ ጌም ቤት አሮጌ ገዛሁ፤ በኪቦርድም ይቻላል፣ ጣት ግን ያማል። ውድ ዕቃ መስኮቱ ጋ አስቀምጡ፣ ደንበኛ ይስባል። ደንበኛ ሆና የምትመጣው ትንሿ ልጅ ገንዘብ የላትም፣ አትጨቅጭቋት። ሉዊ የሚባለው የመጀመሪያው ተዋጊ ኪሱ ባዶ ነው። ቢሆንም ሰይፍ ሊገዛ ሲመጣ በቅናሽ ስጡት። ያንኑ ሰይፍ ይዞ ነው ዳንጀን ውስጥ ለእናንተ የሚዋጋው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ክፍያዎች እያፏጨሁ ከፈልኩ።

ከዚያ አራተኛው ሳምንት መጣ። 200 ሺህ።

ሱቁ ሙሉ ነበር። ጋሻ አለ፣ የራስ ቁር አለ፣ ቀለበት አለ። መደርደሪያው ላይ ያለው በመነሻ ዋጋው ብቻ ቢደመር ከዕዳው ያልፋል። በእጄ ያለው ጥሬ ገንዘብ ግን ከዕዳው ግማሽ ብዙም አይበልጥም። በኛ ሱቅ ቢሆን ይህ ችግር አይባልም። አከፋፋዩ ገንዘቡን ሊቀበል ይመጣል። አክስቴ «እስከ ቅዳሜ ታገሠኝ» ትለዋለች። ሻይ ይጠጣል፣ ስለ ልጆቹ ያወራል፣ ይሄዳል። ቅዳሜ ተመልሶ ይመጣል። እሷም በበኩሏ ዱቤ ደብተር ላይ የጻፈቻቸው ሰዎች አሉ። እነሱም ደመወዝ ሲወጣ ይሉና ይሄዳሉ። ሁሉም ሰው ለሁሉም ሰው ቀን ይሰጣል። ንግዱ የሚሽከረከረው በዚህ ነው።

ቲር ደብተር የላትም። አንድ ቀን አትጨምርም። ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ነገ የሚባል ነገር አታውቅም። ጋሻውን በዕዳው ያዢው ብትሏት አትይዝም። ከሬሴት ጋር አንድ ቤት ትኖራለች፣ አብራ ትሥቃለች፣ ሱቁን አብራ ትጠብቃለች። ቀኑ ሲደርስ ግን እጇን ትዘረጋለች። ንግድ ፈቃድ ለማሳደስ የምመላለስበት ቢሮ እንኳ ከሷ ይሻላል። እዚያ ቢያንስ «ሲስተም የለም፣ ነገ ና» ይሉና ሳያስቡት አንድ ቀን ያተርፉልኛል። እንዲህ ዓይነት ጨዋ ፊት ያላት ጨካኝ አበዳሪ የትም አላየሁም። እስካሁን ያናድደኛል።

ክፍያው ሲቃረብ የኢንተርኔት መካሪዎችን ሰማሁ። ከዳንጀን የሚወጣ ዕቃ ምንም ስላልተከፈለበት ሙሉው ትርፍ ነው ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን ትርፍ የሚሆነው ገዢ ሲያገኝ ነው። ይህንን አይሉም። ሉዊን ይዤ ገባሁ። መውጫ የሚገኘው በየ5 ፎቁ ነው። መሐል ላይ ልውጣ ቢሉ አይቻልም። ዳንጀን ውስጥ ሴቭ ማድረግም አይቻልም። ጥሩ ጥሩ ዕቃ ለቅሜ መውጫው ሊደርስ ሲል መብራት ጠፋ።

የኔ ኮምፒውተር ዴስክቶፕ ነው። ባትሪ የለውም። መብራቱ የመጣው ሰፈሩ ሁሉ ከተኛ በኋላ ነው። እንደገና ገባሁ። እንቅልፍና ንዴት ሲደባለቅ ጣት አይታዘዝም። ሉዊ ወደቀ። ተዋጊው ሲወድቅ ደግሞ ከለቀማችሁት ሁሉ መርጣችሁ የምትወስዱት አንድ ዕቃ ብቻ ነው። አንድ! ሒሳቡን ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። የቀኑ ግማሽ ሄደ፣ በምትኩ አንድ ዕቃ መጣ፣ እሱም ገና መሸጥ አለበት።

የቀረችውን ጊዜ ሱቅ ከፈትኩ። ማን ገባ? ትንሿ ልጅ። ያውም ዓይኗ ያረፈው ከመደርደሪያው ውዱ ላይ ነው። ዋጋውን ብቀንስም ከቦርሳዋ በላይ ነው። አንገቷን ደፍታ ወጣች። ቀጥሎ የመጣው ሰውዬ በ130 በመቶ ጠየቅሁት፣ እምቢ አለ። ዝቅ አደረግሁ፣ እምቢ ብሎ ሄደ። እኛ ጋ እንዲህ ዓይነት ደንበኛ በሩ ላይ ደርሶ ይመለሳል። «እሺ የመጨረሻውን ንገረኝ» ይላል። ምርቃት ይጨመርለትና ይስማማል። የሬሴቲር ሰው ከወጣ ወጣ። ክርክር አለ ይባላል እንጂ የኛ ሰው አፉን የሚያሟሽበትን ያህል እንኳ አይሆንም። በመጨረሻ ከገዛሁበት በታች መሸጥ ጀመርኩ። አልደረሰም።

ዕዳውን ካልከፈላችሁ ሬሴት ቤቷን አጥታ ካርቶን ውስጥ ስትኖር ያሳያችኋል። ሥዕሉ ቀልድ ነው። ለኔ በዚያች ሌሊት ቀልድ አልነበረም።

እዚህ ላይ ነው ከብዙዎች የምለየው። ሲሸነፉ የድሮ ሴቭ ከፍታችሁ ሞክሩ ይላሉ። አትክፈቱ። ካርቶኑን ተቀበሉ። ጌሙ ወደ ሁለተኛው ቀን ይመልሳችኋል፤ የነጋዴነት ሌቭላችሁና ዕቃችሁ ግን አብሯችሁ ይሄዳል። 10 ሺህ ለምትከፍሉበት ሳምንት የአራተኛ ሳምንት ዕቃ ይዛችሁ ትገባላችሁ። ያ ያናደደኝ ሙሉ መደርደሪያ በሁለተኛው ዙር ሀብት ሆነልኝ። የድሮውን ሴቭ ብከፍት ኖሮ በዚያችው ጠባብ ሳምንት ውስጥ ስዳክር እቀር ነበር።

በሁለተኛው ዙር አካሄዴን ቀየርኩ። ክፍያ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ዳንጀን የሚባል ነገር የለም። ሱቅ ብቻ። 130 በመቶውንም ተውኩት። ከመነሻ ዋጋው ትንሽ ብቻ ከፍ አድርጌ እጠይቃለሁ፣ ደንበኛው በመጀመሪያው ጥሪ እሺ ይላል። በተከታታይ በመጀመሪያው ጥሪ ስትስማሙ ጌሙ የነጋዴነት ነጥብ እያባዛ ይሰጣል፣ ሌቭላችሁ ይሮጣል፣ ደንበኛውም ይወዳችኋል፤ በሚቀጥለው ሲመጣ ቦርሳው ወፈር ብሎ ነው። ሽማግሌውና ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ጋ ግን 130ውን ሞክሩ፣ አይጎዳም። ዋጋ በዕቃው ሳይሆን በሰውዬው ነው የሚጠራው። ይህን እንኳ የቅዳሜ ገበያ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ሌላው የዋጋ ወሬ ነው። አንዳንድ ቀን የአንድ ዓይነት ዕቃ ዋጋ ረከሰ ወይም ተወደደ ይባላል። ሲረክስ ከማኅበሩ ግዙና አስቀምጡ። ሲወደድ አውጡት። ሽንኩርት በሚነግዱ ዘመዶቼ ይህን ስቀልድባቸው ነበር የኖርኩት። 500 ሺዋን በዋናነት የከፈልኩት በዚህ ነው፤ ከፍዬም ተርፎኛል። ትንሽ ልኩራ፣ ይገባኛል።

ስለ መብራቱ ደግሞ ላፕቶፕ ካላችሁ በላፕቶፕ ተጫወቱ። ከሌላችሁ ዳንጀን በጠዋት ግቡ፣ የኛ ሰፈር መብራት ማታ ማታ ነው የሚያስቸግረው። ሱቅ ከከፈታችሁ በኋላ ሁልጊዜ ሴቭ አድርጉ።

ዕዳው ሲያልቅ ጌሙ አያልቅም። ታሪኩና ዳንጀኖቹ ይቀጥላሉ፣ ዕዳው በየሳምንቱ እየጨመረ የሚሄድበት አማራጭም ይከፈታል። ያንን አልነካሁትም። ቲርን በዚያ መልኳ ድጋሚ ማየት አልፈልግም።

አሁን የያዝኩት ሙንላይተር የሚባል ሌላ የሱቅ ጌም ነው። የስፔኑ ዲጂታል ሰን በ2018 ያወጣው ነው። እዚህ ባለሱቁ ዊል ራሱ ነው ሰይፍ ይዞ የሚገባው፤ ቀን ይሸጣል፣ ማታ ይዋጋል። ክርክር የሚባል የለም። ዋጋ ትጽፋላችሁ፣ የደንበኛውን ፊት ታያላችሁ። በጣም ከፈነደቀ አርክሳችኋል፣ ከተቆጣ አስወድዳችኋል። ዊል ዳንጀን ውስጥ ቢወድቅም ሻንጣው ላይ የላይኛው ረድፍ ያለው ዕቃ አይጠፋበትም፣ ሲጨንቀው ደግሞ ገንዘብ ከፍሎ መሐል ላይ ወደ ቤቱ የሚመለስበት የአንገት ጌጥ አለው። ሉዊን ሳስብ በዊል ቀናሁ። ሌባ ሱቅ ውስጥ ገብቶ ዕቃ ይዞ ሲሮጥ መያዝ ግን አለ፣ እሱን ወድጄዋለሁ። ምስሉም ከሬሴቲር በብዙ ያምራል። ሁለቱንም ካገኛችሁ ከሬሴቲር ጀምሩ፤ ሙንላይተርን ካያችሁ በኋላ የሬሴቲርን ምስል ታግሣችሁ አትጫወቱትም።