ሚያዝያ 30ን ሐምሌ 29 ያደረገ ሰዓት

መሥሪያ ቤታችን ያረጁ ኮምፒውተሮቹን ከሚጥል ሊኑክስ የሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይጫንባቸው ተባለ። ጥሩ ውሳኔ ነበር፤ ዛሬም እደግፈዋለሁ። የተመረጠው ሊኑክስ ሚንት ነው፣ ለደካማ ማሽን የሚቀለው ኤክስኤፍሲኢ የሚባል ዴስክቶፕ ያለበት። አንዱ ማሽን ላይ ሁሉም ነገር ተስተካከለና ዲስኩ ለሌሎቹ ተገለበጠ። ግምጃ ቤትም አንድ ደረሰው።

ያ የመጀመሪያው ማሽን ሲዘጋጅ የተመረጠው ቋንቋ የአሜሪካ እንግሊዝኛ ነው። ፓነሉ (ስክሪኑ ጠርዝ ያለው አሞሌ) ላይ ያለው ሰዓት ደግሞ ቀኑን በ«ፐርሰንት ኤክስ» (%x) እንዲጽፍ ተደርጓል። ትርጉሙ «የተመረጠው አገር ልማድ እንደሚያዘው ጻፍ» ነው። አሜሪካ ከሆነ ወር ይቀድማል፣ ቀን ይከተላል። ስለዚህ ሜይ 8 ቀን ስክሪኑ ላይ 05/08/2024 ሆኖ ይወጣል። እኛ ዘንድ ይህን የሚያይ ሰው ኦገስት 5 ብሎ ነው የሚያነበው።

ነገሩን መጀመሪያ ያስተዋሉት የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ፕሪንተር ላስተካክል በገባሁበት ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ይሄ ሰዓት ቀኑን ገልብጦ ነው የሚጽፈው።»

«አዎ ጋሼ፣ የአሜሪካ አጻጻፍ ነው።»

«እኔ የዕቃ መረከቢያ ሞዴል 19 የምቆርጠው አሜሪካ ነው እንዴ?»

«እርስዎ ግን ግድግዳው ላይ ካላንደር አለዎት።»

«እኔማ አለኝ። ስክሪን አይቼ ቀን ጽፌ አላውቅም። የምፈራው እኔ የሌለሁ ቀን ነው። በእኔ ቦታ የሚቀመጠው ልጅ ግድግዳ አያይም፤ ፊት ለፊቱ ያለውን ነው የሚገለብጠው። ወሩን በስሙ ጻፍልኝ። ስሙ ካለ ማንም አይሳሳትም።»

ይህን ንግግር ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ። ሰውየው ለራሳቸው ምቾት አልጠየቁም። እሳቸው በሌሉበት በዚያ ወንበር ላይ ስለሚቀመጠው ሰው ነው ያሰቡት። መፍትሔውንም አብረው ሰጡኝ። ከብዙ የአይቲ ስብሰባ እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ጥያቄ ይዤ ወጥቼ አላውቅም።

ሥራው የደቂቃ ነው። የሰዓቱን ፕሮፐርቲስ ከፍቶ ከዝርዝሩ መጨረሻ «ከስተም ፎርማት» የሚለውን መምረጥና አዲሱን አጻጻፍ ማስገባት ብቻ ነው። ፐርሰንት ትንሿ ዲ ቀኑን ትሰጣለች። ፐርሰንት ትልቋ ቢ የወሩን ሙሉ ስም፣ ትልቋ ዋይ ዓመቱን በአራት አሃዝ። ኤም ላይ መጠንቀቅ ነው፦ ትንሿ ወር ናት፣ ትልቋ ደቂቃ ናት። እኛ ጋ ግን ፓነሉ ተቆልፏል። መክፈት የሚችለው የአይቲ ኃላፊያችን ብቻ ነው።

ሄጄ ነገርኩት። መልሱ ይኸውና፦ «እዚህ የተቀጠርከው ሰዓት ልታስውብ አይደለም። ቀን ማንበብ ያቃተው ሠራተኛ የአይቲ ችግር አይደለም።» በጽሑፍም አስገባሁ። «አስቸኳይ ያልሆነ» ተብሎ ተዘጋ።

የ2016 ፋሲካ ሚያዝያ 27 ዋለ። ጋሼ ከበዓሉ ጋር አያይዘው ፈቃድ ወጡ። ረቡዕ ሚያዝያ 30 ቶነርና ወረቀት መጣ። ተተክቶ የተቀመጠው ልጅ ዕቃውን ቆጥሮ ተረከበ፣ ሞዴል 19 ቆረጠ፣ ቀኑን ከስክሪኑ ላይ ገለበጠ። 05/08/2024። ልጁን አልወቅሰውም። የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር የሚያሳየውን ቀን ነው የጻፈው።

ሰነዱ ሒሳብ ክፍል የደረሰው ነሐሴ ላይ ነው። ሒሳብ ሠራተኛዋ ኦገስት 5 ብላ አነበበችው። ወደ እኛ አቆጣጠር ስትመልሰው ሐምሌ 29 ሆነ። የበጀት ዓመት ደግሞ ሰኔ 30 ነው የሚዘጋው። በሚያዝያ የገባ ዕቃ የሚቀጥለው በጀት ዓመት ገቢ ሆኖ ተመዘገበ ማለት ነው። የሰኔ 30 ቆጠራ ከመዝገብ ጋር ሲነጻጸር መደርደሪያው ላይ ያለ ቶነር መዝገብ ላይ የለም። ብልጫ ተባለ። ግምጃ ቤት የሠራ ሰው ብልጫ ከጉድለት ያላነሰ ጣጣ እንዳለው ያውቃል። ያለ ሰነድ ምን ገባ፣ ምንስ ወጣ የሚል ጥያቄ ይከተላል።

ጋሼ ማብራሪያ ተጠየቁ። «ዕቃው የገባው ፈቃድ ላይ እያለሁ ነው» ብለው ጻፉ። እውነታቸውን ነበር፣ ወረቀቱ ግን ሐምሌ 29 ይላል፤ ያን ቀን ደግሞ ሥራ ላይ ነበሩ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው። ስንት ዓመት አንዲት ብሎን ያላጎደሉ ሰው!

ይህን ስሰማ ሒሳብ ክፍል ሄጄ ሰነዱን ለማየት ለመንኩ። ቀኑን እንዳየሁ ነገሩ ገባኝ። ከጀርባው የተያያዘው የአቅራቢው ማስረከቢያ ሚያዝያ 30 ይላል። የሞዴሉ ተራ ቁጥርም በሰኔ ከተቆረጡት ይቀድማል። ሁለቱን ኮፒ አድርጌ ከዚያ ከተዘጋው ጥያቄዬ ጋር አያይዤ ለኃላፊው አስገባሁ።

«በቃ፣ አማርኛ አድርገው» አለኝ። ፓነሉ ተከፈተልኝ።

የአማርኛው ምርጫ ቀንን ያስቀድማል፣ ያ ጥሩ ነው። የወሮቹ ስም ግን ጁን፣ ጁላይ፣ ኦገስት ነው። የሚያሳየው የፈረንጁን ቀን በግዕዝ ፊደል ጽፎ ነው። ጋሼ አይተው «ፊደሉ የእኛ ነው፣ ቀኑ የእነሱ ነው» አሉ። ልክ ናቸው። የሰዓቱ ፎርማት አጻጻፍን እንጂ አቆጣጠርን አይለውጥም። 13 ወር ያለው ዓመት ከዚያ ሳጥን አይገኝም።

ስለዚህ ጄንሞን የሚባለውን የፓነል ተጨማሪ ተጠቀምኩ። የሰጡትን ትእዛዝ በየተወሰነ ሰከንድ እያስኬደ ውጤቱን ፓነሉ ላይ ይጽፋል። ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር የሚመልስ አጭር የፓይተን ስክሪፕት (ትንሽ ፕሮግራም) ጻፍኩለት። መፈተኛዬ ዘመን መለወጫ ነበር፦ መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ላይ ዋለ፣ መስከረም 1 ቀን 2017 ግን ሴፕቴምበር 11 ነው። ልዩነቱ የ2015 ጳጉሜ 6 ቀን ስለነበራት ነው። ሁለቱን በትክክል ካወጣ ለጋሼ መስጠት እችላለሁ አልኩ። አወጣ።

ሰዓቱንም በእኛ አቆጣጠር ፈለጉት። አንዳንድ ቢሮ የማሽኑን ሰዓት ራሱን ስድስት ሰዓት ወደኋላ ይመልሱታል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ኢሜይሉም የፋይሉም ሰዓት ይበላሻል። የኤክስኤፍሲኢ ሰዓት የራሱ የሰዓት ዞን ሳጥን አለው፤ የሚለወጠው እሱ ብቻ ነው። እዚያ ላይ «ኢቲሲ ጂኤምቲ ፕላስ 3» የሚለውን አስገባሁ። ምልክቱ በተገላቢጦሽ ስለሆነ ፕላስ 3 ማለት ከግሪንዊች ሦስት ሰዓት ወደኋላ ነው። አዲስ አበባ ሦስት ሰዓት ትቀድማለች። ልዩነቱ ስድስት ይሆናል። የፈረንጁ 9:20 ጠዋት 3:20 ብሎ ይወጣል፣ ማሽኑ ግን ምንም አልተነካም። ደስ የሚለው ደግሞ በዚያ ዞን ቀኑ የሚገለበጠው ንጋት 12 ሰዓት ላይ መሆኑ ነው።

አሁን ፓነላቸው ላይ የእኛ ቀን በወሩ ስም፣ የእኛ ሰዓት፣ ከጎኑ የፈረንጁ ቀን እንዲሁ በወሩ ስም አለ። ለአቅራቢዎች ደረሰኝ እሱም ያስፈልጋል።

ብዙም ሳይቆይ ከኃላፊያችን ሰርኩላር ወጣ። ይህ አጻጻፍ በሁሉም ማሽን ላይ እንዲሆን ያዛል። «ክፍላችን ባደረገው ጥናት» ይላል። ትእዛዙ ትክክል ነው፤ ቀድሞ ቢወጣ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ። የጋሼ ስም ግን አንድም ቦታ የለም። ያን ቀን ፕሪንተሩ አጠገብ ቆመው ያሉኝ ነገር ቃል በቃል እዚያ ደብዳቤ ላይ አለ። ወር በስሙ ይጻፍ ይላል።

ሒሳቡ ተስተካክሏል፣ ብልጫውም ከመዝገብ ወጥቷል። ማስጠንቀቂያው ግን አሁንም የጋሼ የግል ማኅደር ውስጥ ነው። እሳቸው «ተወው ልጄ፣ ጡረታዬ ደርሷል» ይሉኛል። እኔ አልተውኩትም። እንዲነሳ የሚጠይቀውን ማመልከቻ አብረን ጽፈን የሰነዶቹን ኮፒ አያይዘን ለሰው ሀብት አስገብተናል። መልሱን እየጠበቅን ነው።