የተዘጋ የጆሮ ቀዳዳ፦ ከቀዶ ጥገናው በፊት መስማት

ልጄ የተወለደችው ሁለቱም የጆሮዋ ቀዳዳዎች ተዘግተው ነው። የውጭው ጆሮዋ ትንሽ ቢያንስም ቅርጹን ይዟል፤ ቀዳዳው ሊኖርበት የሚገባው ቦታ ግን ቆዳ የለበሰ አጥንት ነበር። በወለድኩበት ጤና ተቋም «ለትምህርት ስትደርስ በቀዶ ጥገና ይከፈትላታል፤ እስከዚያ ምንም አይደረግም» ብለው ሸኙን። የመጀመሪያው ግማሽ ልክ ነው። ሁለተኛው ግማሽ እስከ ዛሬ ያናድደኛል፤ ሁለቱም ጆሮዎቹ የተዘጉበት ልጅ ያለ እርዳታ እስከዚያ ከቆየ አፉን የሚፈታበት ዕድሜ ያልፈዋል።

ዘመዶቼ በእርግዝናዬ ወቅት ምን እንዳየሁ፣ ምን እንደበላሁ ይጠይቁኝ ነበር። በአብዛኛው ምክንያቱ አይታወቅም። እናቶች፣ ይህን ሸክም አትሸከሙ።

መንገዱን ያሳየን ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ያገኘነው የአንገት በላይ ሐኪም ነው። «በሩ ተዘጋ እንጂ ባለቤቱ ቤት ውስጥ አለ» አለን። የውስጥ ጆሮ በማሕፀን የሚሠራው ከውጭውና ከመካከለኛው ጆሮ ተለይቶ ስለሆነ፣ ቀዳዳው የተዘጋባቸው አብዛኞቹ ልጆች የመስማት ነርቫቸው ደህና ነው። ድምፅ በአየር መግባት ቢያቅተውም በራስ ቅል አጥንት በኩል ይደርሳል። ይህ የሚረጋገጠው ሕፃን ተኝቶ ሳለ በሚደረግ ምርመራ ነው፤ ግንባሩና ከጆሮው ጀርባ ላይ ሽቦ ይለጠፋል፣ ኮምፒውተሩም አንጎል ለድምፁ የሚሰጠውን ምላሽ ይመዘግባል። ማለዳ ከአራት ኪሎ ስንነሳ ታክሲ ውስጥ እንዳትተኛብኝ እግሯን እየኮረኮርኩ ወሰድኳት፤ ምርመራ ክፍሉ ውስጥ ጡት እንደያዘች እንቅልፍ ጣላት። ምርመራው በአየር ብቻ ሳይሆን በአጥንት በኩልም እንዲሠራ ጠይቁ። ሁሉን የሚናገረው የሁለቱ ልዩነት ነው።

ከዚያ በኋላ ፍለጋችን መሣሪያ ሆነ። በጨርቅ ቀበቶ ራስ ላይ ታስሮ ድምፅን በአጥንት የሚያስተላልፍ ነው፤ ቀዶ ጥገና አይፈልግም፣ ገና በጥቂት ወራት ዕድሜ ይታሰራል። ዋጋው ከባድ ስለነበር ውጭ አገር ያለ ወንድሜ ገዝቶ ላከልን። ባሰርንላት ቀን ጎረቤት የቆርቆሮ በሩን ሲዘጋ ደንግጣ ዞረች። ያ በር ከተወለደች ጀምሮ ሲንጓጓ ኖሯል። ስታድግ ቀበቶውን እየነቀለች ብታስቸግረኝም ከኮፍያዋ ጋር ሰፋሁት፤ አፏንም በወጉ ፈታች።

ለቀዶ ጥገናው እስከ ስድስት ዓመቷ ጠበቅን። በዚያ ዕድሜ አጥንቱ ይጎለብታል፣ ልጅም ከቀዶ ጥገናው በኋላ የሚደረገውን ጽዳት ይታገሣል። ከሁሉ በፊት ሲቲ ስካን ተነሳች። ሐኪሞቹ እ.ኤ.አ. በ1992 አሜሪካዊው ሮበርት ጃርስዶርፈር ባወጣው መለኪያ፣ ምስሉን አይተው ጆሮው ለቀዶ ጥገናው ምን ያህል እንደሚመች ከ10 ነጥብ ይሰጣሉ፤ ከትንንሾቹ የመስሚያ አጥንቶች አንዷ፣ እርካብ የምትመስለው፣ ብቻዋን 2 ነጥብ አላት። የቀኙ ጆሮዋ 8 አገኘ። የግራው 4 ብቻ ነበር፤ የፊት ነርቭም ከቦታው ወጣ ብሎ መንገዱ ላይ ተጋድሟል። ሐኪሙ ግራውን አልነካም ሲል ባለቤቴ ቅር አለው፤ እኔ ግን ያመንኩት ያኔ ነው። ያ ነርቭ ቢጎዳ ግማሽ ፊቷ ሽባ ይሆን ነበር።

በቀኙ በኩል አጥንቱን ቀስ በቀስ ቦርቡረው ቦይ አወጡ፤ ከጆሮ በላይ ያለውን ጡንቻ ከሚሸፍነው ስስ ሽፋን ታምቡር ሠሩ፤ ቦዩን ከጭኗ በተወሰደ ስስ ቆዳ ለበጡት። አስቀድሞ ያልተነገረን ይህ ቆዳ እንደ ተፈጥሮው ራሱን አለማጽዳቱ ነው። በየጊዜው ሐኪም በማጉያ መነጽር እያየ ይጠርገዋል፣ ዕድሜ ልክ። ካልተጠረገ ያመረቅዛል፤ ቦዩ ተመልሶ የሚጠብበትም ጊዜ አለ። ገንዘብ ስትቆጥቡ ይህንንም አስቡ።

የውጭው ጆሮ ጭራሽ ላልተሠራላቸው ልጆች ደግሞ ቀዳዳው ከመከፈቱ በፊት የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ይያቸው። ከጎድን በሚወሰድ ለስላሳ አጥንት ጆሮ የሚቀርጸው ሐኪም ጠባሳ ያልነካው ቆዳ ይፈልጋል።

ልጄ አሁን በቀኝ ጆሮዋ ያለ መሣሪያ ትሰማለች፤ እንደ ጤነኛ ጆሮ ግን አይደለም። ለግራው ቀበቶውን ታስራለች። ክፍል ውስጥ ከፊት በግራ በኩል እንድትቀመጥ መምህሯን ለምኛለሁ፤ ቀኙ ጆሮዋ ወደ እሳቸው እንዲሆን።