አንድ ኮከብ ይዤ የዞን ዋንጫ የበላ ቡድን እንዴት እንደሠራሁ

ከሂሳቡ ልጀምር። የቅርጫት ኳስ ጨዋታ 40 ደቂቃ ነው። በዚህ ጊዜ አንድ ቡድን 70 ጊዜ ያህል ኳስ ይዞ ያጠቃል። ኮከቡ 32 ደቂቃ ቢሰለፍ፣ እሱ ሜዳ ላይ እያለም ከሦስት ጥቃት አንዱን ራሱ ቢጨርስ፣ በእጁ የሚያልቁት 20 ቢሞሉ ነው። የቀሩት ሃምሳዎቹ የሌሎቹ ናቸው። ደብረ ማርቆስ ላይ ቡድኑን ስይዝ ሰው ሁሉ የሚያወራኝ ስለ ሃያዎቹ ነበር፤ እኔ ሥራዬን ያዋልኩት ሃምሳዎቹ ላይ ነው።

መጀመሪያ የሚለየው ኮከቡ ምን ዓይነት እንደሆነ ነው። የእኛው ልጅ ቁመቱ 1.90 ሜትር ነው፤ ኳስ እያነጠረ ወደ ቀለበት ይገባል፣ ከመካከለኛ ርቀት ዘሎ ይወረውራል፣ ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ ግን እጁ አይታመንም። እንዲህ ያለ ተጫዋች የሚፈልገው ባዶ ቦታ ነው። ኮከባችሁ ከሩቅ የሚወረውር ከሆነ የሚያስፈልጋችሁ ጠንካራ ስክሪን የሚሠሩ፣ ማለትም ቆመው የተከላካይን መንገድ በሰውነታቸው የሚዘጉ፣ ሁለት ሰዎች ናቸው። ረጅም ሴንተር ከሆነ ደግሞ ኳስን በሰው አናት ላይ አሳልፎ የሚያቀብል ያስፈልጋል፤ ይህ ከሌለ ረጅሙ ሰው ከቀለበቱ ሥር እጁን አንስቶ ሲጠብቅ ይውላል።

ከልጁ ቀጥሎ ጎበዝ የተባሉትን አራት ሰብስቤ አላሰለፍኩም። ሁለተኛውና ሦስተኛው ነጥብ አስቆጣሪ እንደ እሱ ኳስ በእጃቸው ካልገባ አይሞቃቸውም፤ አንድ ኳስ ደግሞ ለሦስት ሰው አይበቃም። የፈለግኋቸው ኳስ ሳይነኩ ጠቃሚ የሚሆኑ ናቸው፦ ጥግ ቆመው ተቀብለው ወዲያው የሚወረውሩ ሁለት፣ ስክሪን የሚሠራና ሪባውንድ (ስቶ የተመለሰ ኳስ) የሚያነሳ አንድ፣ ኳሱን እስከ መሐል ሜዳ አምጥቶ ሳይከፋው የሚለቅ አንድ። ለጥጎቹ ያደረግሁት ፈተና ቀላል ነው። ተጫዋቹ ሜዳውን አራት ጊዜ በሩጫ ደርሶ ይመለስና ትንፋሹ ሳይረጋ 20 ኳስ ይወረውራል። 7 ያገባ ለሥራው ይበቃል። በዕረፍት ላይ ሆኖ 15 የሚያገባ፣ ሲደክም ግን 4 የሚያገባ አይጠቅመኝም፤ ኳሱ ወደ ጥግ የሚመጣለት በአራተኛው ሩብ ነውና።

ከልምምድ በፊት ሜትር ይዞ ሜዳውን መለካት ግድ ነው። ብዙ የትምህርት ቤት ሜዳዎች ሲሚንቶ ናቸው፤ እንደገና በተለሰኑ ቁጥር ወለሉ ከፍ ይልና ቀለበቱ ከ3.05 ሜትር ያንሳል። እዚያ የለመደ እጅ ትክክለኛው ቀለበት ላይ ኳሱን ያሳጥረዋል። የሜዳው ልክ 28 በ15 ሜትር ነው። የሦስት ነጥብ መስመሩ ከቀለበቱ 6.75 ሜትር ሲሆን ጥግ ላይ ከጎን መስመሩ 90 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይርቃል። ጥግ የሚቆመው ሰው ሁለት እግሩን የሚያሳርፈው በዚያች 90 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ነው። መስመሩ ካልተቀባ ውድድር ላይ ወይ መስመሩን ረግጦ ሦስቱ ነጥብ ሁለት ይሆንበታል፣ ወይ ወደ ውጭ ይወጣል። እኛ መስመሩን በኖራ አሠመርነው፤ ዝናብ ሲያጥበው እንደገና እናሠምረው ነበር።

ኳስም የራሱ ጣጣ አለው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ደብረ ማርቆስ ወደ 2,400 ትጠጋለች። ባሕር ዳር የተነፋ ኳስ ደብረ ማርቆስ ሲደርስ የውጭ አየሩ ስለሚሳሳ ይጠነክራል፤ የደጋው የጠዋት ብርድ ደግሞ መልሶ ያላላዋል። ስለዚህ ጨዋታ ሊጀመር ሲል ከ1.80 ሜትር ላይ ለቅቆ ማየት ነው። ሲነጥር የኳሱ አናት ከ1.20 እስከ 1.40 ሜትር መድረስ አለበት። በሲሚንቶ ላይ ልምምዱ በጎማ ኳስ ይሁን፤ የውድድሩ ኳስ ቆዳው ቶሎ ይላጥና ለስልሶ ከእጅ ማምለጥ ይጀምራል።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ልጁ ኳስ የሚቀበልበትን ቦታ ሁለት ብቻ አደረግሁት፦ የቅጣት መስመሩ የቀኝና የግራ ጫፍ። እዚያ ሆኖ ቀለበቱም፣ ሁለቱም ጥጎች ይታዩታል። የቀሩት አራቱ እርስ በርስ ከ4 እስከ 5 ሜትር ይራራቃሉ፤ ከዚያ ከጠበበ አንድ ተከላካይ ሁለት ሰው ይጠብቃል። ሁለተኛ ተከላካይ ወደ ልጁ ሲመጣ ደንቡ አንድ ነው፦ ኳሱን አንጥሮ ለማምለጥ መሞከር የለም፤ ወዲያው ለቅርቡ ነጻ ሰው ይለቃል። ያ ሰው ደግሞ ለሚቀጥለው ያቀብላል። ተከላካዮቹ የመጀመሪያውን ቅብብል ይደርሱበታል፣ ሁለተኛውን ግን አይደርሱበትም። በየልምምዱ 15 ደቂቃ የሠራነው ይህንኑ ነው፤ ልጁ ላይ ሁልጊዜ ሁለት ሰው ይወጣል፣ እሱ መወርወር ክልክል ነው፣ ነጥብ የሚቆጠረው ከሁለተኛው ቅብብል በኋላ ለገባ ኳስ ብቻ ነው።

ይህ የሚበላሸው በይሉኝታ ነው። እኛ አገር ታናሹ ታላቁን አያ ብሎ ነው የሚጠራው፤ ያ አክብሮት ሜዳ ሲገባ ነጻ ሆኖ የቆመው ልጅ ኳሱን ለ«አያ» ይመልሳል። ተመልካች ያመሰግነው ይሆናል፣ ቡድኑ ግን ተከላካዮቹ የተሰበሰቡበት ቦታ ተመልሶ ይገባል። ስለዚህ መስመሩ ውስጥ አያ መባል ቀረ፤ ሁሉም በስሙ፣ ባጭሩ፣ ተጠራ። ነጻ ሆኖ ሳለ ኳሱን ለልጁ የመለሰ ተጫዋች ተቀይሮ ይወጣል፤ ወርውሮ የሳተ ግን አይወጣም። ሁለተኛው ደንብ ከመጀመሪያው ይበልጣል። የሳተውን ባወጣው ኖሮ ቀጣዩ ተጫዋች ዳግመኛ ደፍሮ አይወረውርም ነበር።

ለልጁም ማሳመኛ ያስፈልገዋል። ማይክል ጆርዳን በአሜሪካው የኤንቢኤ ሊግ ወደሚጫወተው ቺካጎ የገባው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው፤ በ1987 የሊጉ ከፍተኛ ነጥብ አስቆጣሪ ሆነ፣ ዋንጫ ያገኘው ግን በ1991 ነው። በዚያ ፍጻሜ የመጨረሻ ጨዋታ የቡድን ጓደኛው ጆን ፓክሰን 20 ነጥብ አስቆጥሯል፤ አብዛኛውን ያገኘው ሰው ሁሉ ጆርዳን ላይ ሲረባረብ ነጻ ሆኖ ወርውሮ ነው። ይህን ነግሬው ብቻ አልተውኩትም። በጨዋታ መዝገቡ ከነጥቡ አጠገብ ሌላ ዓምድ አስከፈትኩ፤ ሁለት ሰው ሲወጣበት ለቅቆት በመጨረሻ የገባ ኳስ፣ የመጨረሻውን ቅብብል እሱ ባያደርገውም፣ በስሙ ይመዘገብለታል። ኮከብ ቁጥር ይወዳል፤ የሚወደውን ቁጥር መምረጥ የአሰልጣኙ ፋንታ ነው።

ዞን ውድድር ላይ የሚገጥማችሁ ሁሉ የሚያመጣው መከላከያ አንድ ነው፤ አራቱ ሳጥን ሠርተው ይቆማሉ፣ አንዱ ኮከቡን እንደ ጥላው ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ2019 የኤንቢኤ ፍጻሜ ሁለተኛ ጨዋታ ቶሮንቶ በጎልደን ስቴቱ ኮከብ በስቴፈን ከሪ ላይ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ጎልደን ስቴት ለደቂቃዎች ነጥብ ጠፍቶበት ነበር። በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ሁለት ሰው ከሪን ሲይዘው ኳሱ በቡድን ጓደኛው በሊቪንግስተን በኩል ሌላው ጓደኛቸው ኢጓዳላ ጋ ደረሰ፤ ነጻ የቆመው ኢጓዳላ ሦስት አስቆጥሮ ጨዋታው 109 ለ104 አለቀ። ሁለተኛው ቅብብል ማለት ይሄ ነው። እኛ ለሳጥኑ ሁለት መልስ ነበረን። አንደኛው ልጁን ስክሪን ሠሪ ማድረግ ነው፤ የሚከተለው ሰው አብሮት ስለሚመጣ ሳጥኑ ውስጥ አምስቱም ይጨናነቃሉ፣ ጥጎቹ ይለቀቃሉ። ሁለተኛው እሱን ወደ መሐል ሜዳ መውሰድና አራት ለአራት መጫወት ነው። ይህኛው ለኮከቡ ስለሚሰለች ከሦስት ተከታታይ ጥቃት በላይ አልጠቀምበትም።

ዕረፍቱ በዘፈቀደ አይሆንም። ልጁ የሚወጣው የመጀመሪያው ሩብ 2 ደቂቃ ሲቀረው ነው፤ የሚመለሰው ሁለተኛው ሩብ 2 ደቂቃ ከሄደ በኋላ። ሦስተኛውና አራተኛው ሩብ ላይም እንዲሁ። የተቀመጠው 8 ደቂቃ ነው፤ በሩቦቹ መካከል ያለው 2 ደቂቃ ሲጨመርበት ግን ትንፋሹ በደንብ ይመለሳል። በዚያ ጊዜ ቡድኑ ማሸነፍ አይጠበቅበትም። 2-3 ዞን (ሁለት ከፊት፣ ሦስት ከኋላ ሆነው ሰው ሳይሆን ቦታ የሚጠብቁበት መከላከያ) ይዞ ይከላከላል፣ ሲያጠቃ ለአንድ ጥቃት የተፈቀደውን 24 ሰከንድ እስከ መጨረሻው ይበላል። ሰዓት የሌለው ሜዳ ላይ ምክትሉ ጮክ ብሎ ይቆጥራል። በአንድ ዕረፍት በ4 ነጥብ ከተበለጥን እንደ ትርፍ ነው የምቆጥረው።

ፋውል ከድካም ይብሳል፤ አምስተኛው ያስወጣል። ተጋጣሚ ይህን ስለሚያውቅ ገና ከመጀመሪያው ኳሱን ወደ ልጁ ይዞ ይመጣል። መከላከል ላይ የተቃራኒውን ደካማ አጥቂ አስያዝኩት፤ ጎበዙን የሚይዘው ከመጨረሻው ሩብ አጋማሽ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ሩብ ሁለተኛ ፋውል ካገኘው ወዲያው ይቀመጣል። ሊወረውር የዘለን ሰው ተከትሎ አይዘልም፤ እጁን አንስቶ ይቆማል፣ ሁለት ነጥብ ቢገባበትም ይግባ።

ዐቢይ ጾም ከልምምድ ጋር ሲገጥም የሚጾሙትን አትጾሙ ማለት አይቻልም፣ አያስፈልግምም። ከ9 ሰዓት በፊት የማይቀምሱ ስለነበሩ ልምምዱን ወደ 11 ሰዓት ወሰድነው። በ9 ሰዓት ሽሮ፣ ምስር ወይ ባቄላ፤ ከልምምድ በኋላ በሱፍ የተበጠበጠ በሶ። ከባዱን ሩጫ ቀንሼ ቅብብሉንና የቅጣት ኳሱን አበዛሁ። የቅጣት ኳስ ከሰሌዳው 4.60 ሜትር ላይ ያለ ተከላካይ የሚወረወር ነጥብ ነው፤ ግን ሁለት ሁለት እየሆነ፣ በመሐል ሩጫ እየገባበት ካልተለማመዱት ጨዋታ ላይ አይገኝም። ክረምቱ ሲገባ ሲሚንቶው ያንሸራትታል፤ ያኔ አዳራሽ ውስጥ ቦታ ቦታውን በእርምጃ ማስጠናት ይሻላል፣ ጉልበት አንዴ ከሄደ አይመለስም።

በሁለተኛው አጋማሽ ከሚፈቀዱት ሦስት ታይም አውቶች (አሰልጣኝ ጨዋታ የሚያስቆምባቸው አጭር ጊዜያት) ሁለቱን ለመጨረሻዎቹ 2 ደቂቃዎች አቆያለሁ። ያኔ ታይም አውት ከተጠራ ኳሱን ከራሳችን ክልል መጀመራችን ቀርቶ ከተጋጣሚው በኩል ካለው መስመር ማስጀመር ስለሚቻል መሐል ሜዳን ማቋረጡ ይቀርልናል። ልጁ ኳሱን የሚቀበለው 8 ሰከንድ ሲቀር ነው። ውርወራው 4 ሲቀር መውጣት አለበት፤ ቢሳት ለሪባውንድ ጊዜ ይተርፋል። ስክሪን ሠሪው ብቻ ከቀለበቱ ሥር ይገባል፣ ኳስ አምጪው ወደ ኋላ ይመለሳል። ጥግ ያሉት ሁለቱ ንቅንቅ አይሉም፤ ጉልበታቸውን አጥፈው፣ እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቃሉ፤ ልጁ ላይ ሁለት ሰው መውጣቱ አይቀርምና።