ቁልቁለቱ ይከብዳል፦ በሞንብላን ዙሪያ

ከጄኔቭ እስከ ፈረንሳይዋ የተራራ ከተማ ሻሞኒ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ነው። በነሐሴ መገባደጃ ወደዚያ የሄድኩት በአልፕስ ተራሮች ውስጥ ባለው በሞንብላን ዙሪያ በሚካሄደው የተራራ ሩጫ የሚሳተፈውን አብሮ አደጌን ለመርዳት ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 የተጀመረው ይህ ውድድር ከፈረንሳይ ተነሥቶ ጣሊያንንና ስዊዘርላንድን ካቋረጠ በኋላ እዚያው ሻሞኒ ያበቃል፤ ርዝመቱ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የአቀበቱ ድምር ደግሞ 10,000 ሜትር ያህል ነው።

ከፍታው ራሱ አዲስ አበባ ላደገ ሰው አያስደነግጥም፤ የመንገዱ ከፍተኛ ቦታዎች 2,500 ሜትርን በጥቂቱ ቢያልፉ ነው፤ እንጦጦ ከዚያ ይበልጣል። አቀበቱንም ቢሆን አብዛኛው ተወዳዳሪ በምርኩዝ እየታገዘ በእርምጃ ይወጣዋል። ነገር ግን ወደ ተነሡበት ቦታ የሚመለሱ እስከሆነ ድረስ የወጡትን ሁሉ መውረድ ግድ ነው፤ ሰው የሚሰበረውም እዚያ ላይ ነው። በቁልቁለት የፊት ጭን ጡንቻ ሰውነትን ለመግታት በክብደት ሥር ሆኖ ይለጠጣል፤ ይህም በሺህ የሚቆጠር እርምጃ ሲደጋገም የጡንቻውን ክሮች ይጎዳል።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ጣሊያን ውስጥ ባለችው ኩርማዬር ስጠብቀው፣ ከከተማዋ በላይ ካለው ሼክሩዊ በጫካው መካከል እየተጠማዘዘ የሚወርደውን አቧራማ መንገድ ጨርሰው የሚገቡት ሯጮች ወንበር ላይ ለመቀመጥ እንኳ በእጃቸው ይደገፉ ነበር። ገና ግማሹ መንገድ አልተጋመሰም። አብሮ አደጌ በማር የበጠበጥኩለትን በሶ ሲያይ ፊቱን አዞረ። «አርቅልኝ፣ ሽታውን አልችለውም» አለኝ። ለረጅም ሰዓት ሲሮጥ ደም ወደ እግር ስለሚያደላ ሆድ የለመደውን ምግብ እንኳ አይቀበልም፤ በመጨረሻ የወረደለት ጨው የበዛበት ትኩስ ሾርባ ብቻ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 አሜሪካዊው ሯጭ ጂም ዎልምስሊ ውድድሩን ከ20 ሰዓት በታች አጠናቆ አሸንፏል፤ የተፈቀደው የመጨረሻ ሰዓት ግን 46 ሰዓት ተኩል ስለሆነ፣ ዘገምተኛው ሯጭ ሁለት ሌሊት ያለ እንቅልፍ ያድራል። እኔ በግሌ የማደንቀው እርሱን ነው። የግንባር መብራት፣ ዝናብ የማያስገባ ጃኬት፣ ፊሽካና ከብርድ የሚከላከል ስስ ብልጭልጭ መጠቅለያ መያዝ ግዴታ የሆነው በከንቱ አይደለም፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 በብርድና በበረዶ የተነሣ መንገዱ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ አጥሮ በፈረንሳይ ምድር ብቻ እንዲካሄድ ተደርጎ ነበር።

እሑድ ሊነጋ ሲል ወደ ሻሞኒ መቃረቢያ ባለችው መንደር ቫሎርሲን ስንገናኝ፣ ሌሊቱን በመንገዱ ዳር ያሉት ድንጋዮች ሁሉ የተኙ በጎች መስለውት እንዳይረግጣቸው ሲሸሽ እንዳደረ ነገረኝ። ሰዓቱ ሳይዘጋበት ከቀትር በፊት ሻሞኒ ገባ፤ ከላ ፍሌዤር የሚወርደውን የመጨረሻ ቁልቁለት ግን መሮጡ ቀርቶበት፣ ምርኩዞቹን ተደግፎ በጎን እየረገጠ ነበር የጨረሰው።