ሰላም ሲሉት የሚሞተው ማሽን

«ልጄ፣ ይሄ ነገር አንተ ሰላም ስትለው ነው እንዴ የሚሞተው?»

ጠያቂው የቢሮአችን ጥበቃ ናቸው። ከጠየቁኝ ሳምንት አልፏል። እኔ ግን አሁንም ፊቴን ስታጠብ ለብቻዬ መልስ እፈልግለታለሁ።

ቅዳሜ ማታ ነው። እኔ ቤቴ ሶፋ ላይ፣ የሙከራ ማሽኑ (ኮምፒውተሩ) ቢሮ። ሰሞኑን የሊኑክስን ከርነል፣ የስርዓተ ክወናውን እምብርት ማለት ነው፣ «የማጽዳት» አባዜ ይዞኛል። ማን ጠየቀህ? ማንም።

ያጸዳሁት አንድ ማሽን ከሌላው ጋር ልገናኝ ሲል ጥያቄው የሚያዝበትን ስትራክት (የመረጃ ሳጥን በሉት) ነው። ሲን («ልገናኝ?») መጥቶ፣ ሲን-አክ («ሰምቻለሁ፣ እሺ») ተመልሶ፣ አክ («እኔም ሰማሁ») እስኪደርስ ድረስ ከርነሉ ለማንም ሙሉ ሶኬት፣ የግንኙነት ጫፍ ማለት ነው፣ አይሰጥም። ትንሽዬ ማስታወሻ ብቻ ይይዝለታል። ማስታወሻዋ ድሮ ስሟ ኦፕን ሪኩዌስት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ብራዚላዊው አርናልዶ ካርቫልዮ ደ ሜሎ ሪኩዌስት ሶክ ብሎ ሰየማትና ቲሲፒ የሚባለው የመገናኛ ደንብ ብቻ ሳይሆን ሌላው ደንብ ዲሲሲፒም እንዲጠቀምባት አድርጎ ከፋፈላት። ከዚያ ወዲህ እንደ ሲኒ የተደራረበች ናት። የቲሲፒው ውስጥ የአይፒው አለ፣ የአይፒው ውስጥ ዋናዋ። ዋናዋ ሁልጊዜ መጀመሪያ ላይ ነው የምትቀመጠው። ለጌጥ አይደለም። ከርነሉ የአንዷን አድራሻ ይዞ በካስት «ይቺ ያቺ ናት» እያለ ስለሚሠራ ነው።

እኔ ሆዬ ከዋናዋ በላይ አንዲት ባለ 4 ባይት ቆጣሪ ጣል አደረግኩ። ሲን-አክ ስንት ጊዜ እንደተደገመ ትቆጥርልኛለች ብዬ። ደግሞ ከላይ ስትሆን ታምራለች! እንዲህ ያለ ቆጣሪ ድሮውኑ እዚያው ዋናዋ ውስጥ እንደነበረ ያየሁት ሰኞ ነው። እሱን ለጊዜው እንተወው።

ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር ምንም አላለም። በካስት አፉን ከዘጋህበት በኋላ ምን ይበል? ኮዱን እንዲያይልኝ የላክሁለት የሥራ ባልደረባዬስ? 14 ፋይል ነው የላክሁለት። በአራት ደቂቃ ውስጥ አውራ ጣት መለሰልኝ። አውራ ጣት! ይሄ ልጅ ሽሮ ሲያዝዝ እንኳ ሜኑውን አገላብጦ አሥር ደቂቃ ይፈጃል። የኔን ከርነል ግን በአራት ደቂቃ አሳለፈው። ቂም አልያዝኩም። ቀኑን ግን መዝግቤዋለሁ።

ማሽኑ በአዲሱ ከርነል ተነሳ። ፒንግ አደረግኩት («አለህ?» አልኩት)፣ መለሰ። ደስ አለኝ። ከሩቅ ልግባበት ብዬ ኤስኤስኤች አልኩት። ጸጥ። ላፕቶፔ 1 ሰከንድ ጠብቆ ደገመ፣ ከዚያ 2፣ ከዚያ 4፣ 8፣ እንዲህ እያለ በ127ኛው ሰከንድ ተስፋ ቆረጠ። እኔ አልቆረጥኩም። ሁለት ጊዜ ደገምኩት። ከዚያ ፒንግ አደረግኩ። እሱም የለም።

የመጀመሪያዋ የግንኙነት ጥያቄ ስትመጣ ከርነሉ ማስታወሻዋን ከተሳሳተ ቦታ አንብቦ ፓኒክ ገብቷል፣ ሁሉን ትቶ ቆሟል ማለት ነው። የላክኋት ደግሞ እኔው ነኝ። «ፓኒክ ሲገባ ከ10 ሰከንድ በኋላ ራስህ ተነስ» የምትባል አንዲት መስመር አለች። እሷን አልጻፍኩም። ካልተጻፈች ማሽኑ ሰው እስኪመጣለት ደርቆ ይቀራል።

ሰው ማለት እንግዲህ ጥበቃው ናቸው።

ደወልኩላቸው። ማሽኑ የላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው፣ እጃቸው አይደርስም። «ቆይ፣ ዱላዬ ይደርሳል» አሉ። ስልኩን ደረት ኪሳቸው ከተቱት መሰለኝ፣ የሚሰማኝ ትንፋሻቸውና የሬዲዮ ኳስ ጨዋታ ነው። የማብሪያ ቁልፉን በዱላው ጫፍ ተጭነው ያዙ። «ልልቀቀው?» «ትንሽ ይቆዩ ጋሼ።» «አሁንስ?» «አሁን ይልቀቁ። እንደገና አንዴ ነካ ያድርጉት።» ተነሳ! መረቁኝ፣ አመሰገንኩ፣ ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያስ? ከዚያማ መነሳቱን ላረጋግጥ ብዬ ኤስኤስኤች አልኩት።

ሁለተኛው ጥሪ ላይ ነው ያ ጥያቄ የመጣው። ምን እንዳጠፋሁ ላስረዳቸው ብዬ «ጋሼ፣ ማሽኖች መጀመሪያ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፣ የተበላሸው እሱ ነው» ብዬ ነበር። ዝም አሉ። ከዚያ ጠየቁኝ። «አዎ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? «እጅህ ከባድ ነው ማለት ነው» አሉና በድጋሚ በዱላቸው ቀሰቀሱት። በፊደል በፊደል እየተነጋገርን ከሜኑው የድሮውን ከርነል አስመረጥኳቸው።

ዱላው ከዚያ ወዲህ ተራ ዱላ አይደለም። ሰኞ ጠዋት ሒሳብ ክፍሎች ፕሪንተር ሲቆምባቸው የደወሉት ለኔ ሳይሆን ለጥበቃው ነው። ማክሰኞ ዱላው ጫፉ ላይ ጎማ ተደርጎለት አየሁት፣ «ኤሌክትሪክ እንዳይዘው» ተብሎ። ረቡዕ በር ላይ መደገፉ ቀርቶ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሥራ አስኪያጁ ሲያልፉ ቆም ብለው አዩትና «ያ ነው?» አሉ። ስድስት ዓመት እዚህ ቤት ስሠራ አንድ ቀን ቆም ብለው አይተውኝ አያውቁም። በሚቀጥለው የደረጃ ዕድገት ተፎካካሪዬ ማን እንደሆነ አውቄዋለሁ።

ትናንት ጠዋት ስገባ እንደ ወትሮው «እንደምን አደሩ ጋሼ» ብዬ እጄን ዘረጋሁ። እጄን አዩት። ከዚያ የዱላቸውን ጫፍ ዘረጉልኝ።